ብርሃን ሲታዘዝ

ሰኞ ባቲ ገበያ የሚውል ሰው የሚፈልገው ጥላ ነው። ከአፋር ቆላ ግመል እየነዳ የመጣውም፣ ከወሎ ደጋ እህል ጭኖ የወረደውም እኩል ፀሐይ ሲመታው ይውላል። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከዚሁ አገር ወጥቶ ስቶክሆልም የከረመ ልጅ ግን በታኅሣሥ የሚያያት ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ያውም ደመና ካልጋረዳት።

በእነዚያ ወራት አንዳንዱ ሰው ተኝቶ አይጠግብም። ዳቦና ጣፋጭ ያምረዋል፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ያስጠላዋል፣ ስልክ ማንሳት ይከብደዋል። በጋው ሲመጣ ይለቀዋል፤ ብርዱ ሲመለስ ይመለስበታል። ባቲ ያሉት እናት «ልጄ ረሳኝ» ብለው ያዝናሉ። ልጁ ግን ታሞ ይሆናል፤ ሕመሙም ወቅታዊ ድባቴ ይባላል።

ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቻቸው ጋር በስም ለይተው የጻፉት ኖርማን ሮዘንታል ራሳቸው የፀሐይ አገር ሰው ናቸው። ከጆሃንስበርግ ኒውዮርክ ሲገቡ ነው በብርዱ ወራት ጉልበታቸው ሲከዳቸው ያስተዋሉት። ከዚያ በፊት በ1980 አልፍሬድ ሉዊ ደማቅ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን በሰው ላይ እንደሚገታ አሳይተው ነበር። መንገዱ ዓይን ነው፦ በዓይን ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት «ነግቷል» የሚለውን መልእክት ለአንጎል ያደርሳሉ።

ሕክምናውም በዚሁ መንገድ በብርሃን ነው። መሣሪያው 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ የመብራት ሣጥን ነው፤ የሳሎን መብራት ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ታማሚው ጠዋት እንደነቃ ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። መብራቱን አፍጥጦ ማየት አያስፈልገውም፤ ዓይኑን ገልጦ ቁርሱን መብላት ወይም ማንበብ ይችላል። ለውጡ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የካናዳ ጥናት ሕክምናውን ፍሉኦክስቲን ከተባለው የድባቴ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ውጤታቸውን ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል።

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለሚልክ ቤተሰብ «ጠዋት ብርሃን ታገኛለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅም የፍቅር ወግ ቢሆን እወዳለሁ። ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ ሣጥኑ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያስቀር መሆን አለበት። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ስሜቱ በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅ፣ ወይም ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። በየዓመቱ የሚመለስበት ሰው ደግሞ ሕመሙ እስኪበረታ አይጠብቅም፤ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ሣጥኑን ያበራል።