ፍርግርጉ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው

ጁባ ያደግን ልጆች ስለ ወንዙ መጀመሪያ የምንሰማው «ውኃ ዳር አትሂዱ፣ አዞ አለ!» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ዘንድሮ ግን በሳይንስ ክበባችን አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ ሰው የሚፈራውን እንስሳ ቀርቦ የሚያጠናው እንዴት ነው? መልሱን ስንፈልግ ሻርክ ላይ ደረስን።

ሻርክና ዓሣ ነባሪ ይለያያሉ። ዓሣ ነባሪ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁንም ያጠባል። ሻርክ ግን በስንጥብ የሚተነፍስ ዓሣ ነው፤ አጽሙም እንደ ጆሯችን የሚለመጥ ነው።

ታሪኩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን አንድ አገር ሳሉ፣ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ሻዓብ ሩሚ ቀይ ባሕር ውስጥ ቤት ሠራ። ባልደረቦቹ በ10 ሜትር ጥልቀት አንድ ወር ኖሩ። ሻርኮች ባሉበት ሲሠሩ መከለያቸው የብረት ፍርግርግ ነበር። የዛገው ቅሪት ዛሬም ለጠላቂዎች ይታያል።

አሁን ይህ ሥራ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ጋንስባይ ነው። ቀኑ እንዲህ ያልፋል። ጀልባዋ መልሕቅ ትጥላለች፤ ፍርግርጉ ከጎኗ ይታሰራል፤ አናቱ ከውኃ በላይ ይቀራል። የዓሣ ዘይትና ቁርጥራጭ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሽታውን ተከትሎ ሻርክ ሲመጣ ፍርግርጉ ውስጥ ያሉት ትንፋሻቸውን ይዘው ዝቅ ይላሉ።

ተመራማሪው ደግሞ ጀልባዋ ላይ ሆኖ ሰዓቱን፣ የውኃውን ሙቀት፣ የሻርኩን ርዝመትና ጾታ ይመዘግባል። የጀርባ ክንፉንም ፎቶ ያነሣል፤ የክንፉ ጠርዝ እንደ ጣት አሻራ አንዱን ከሌላው ይለያልና። እ.ኤ.አ. በ2003 መከታተያ የተገጠመላት ኒኮል የተባለች ነጭ ሻርክ በ99 ቀናት አውስትራሊያ ደረሰች፤ በዘጠኝ ወር ውስጥም ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝታ ተመለሰች። መመለሷ የታወቀው በክንፏ ፎቶ ነው።

መዝገቡ ክፉ ዜናም ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋንስባይ ዳርቻ ጉበታቸው የተበላ የነጭ ሻርክ በድኖች ተገኙ። የገደሏቸው ኦርካ የተባሉ ትልልቅ የባሕር እንስሳት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነጭ ሻርኮች ከአካባቢው ራቁ። መዝገብ ባይኖር «ዛሬ አልታየም» ተብሎ ብቻ ይታለፍ ነበር።

ከኦርካ ይልቅ ለሻርክ የሚያሰጋው ግን ሰው ነው። ብዙዎቹ የሻርክ ዝርያዎች ዘግይተው ይወልዳሉ፤ ሰው ደግሞ ለሥጋቸውና ለክንፋቸው ሲል ያጠምዳቸዋል። በሱዳን ቀይ ባሕር በመንጋ ከሚታዩት መዶሻ ራስ ሻርኮች አንዱ ዝርያ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል።

ፍርሃት ከአደጋ ይጠብቀናል፤ ስለ እንስሳው ግን ምንም አያስተምረንም። ስለዚህ ከወንዙ ዳር እንደራቅን፣ በሚቀጥለው ዓመት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚሸጡትን የነጭ ዓባይ ዓሦች ስምና ርዝመት በየሳምንቱ ልንመዘግብ አስበናል። ወላጆቻችን ዓሣ ሊገዙ ሲሄዱ ይዘውን ይሂዱ። ለዚህ ሥራ ጀልባም ፍርግርግም አያስፈልገንም፤ ደብተርና ማስመሪያ ይበቃናል።