ያቺን ኳስ እንዴት ያዩዋታል?

ራቤል ላይ ማታ ብርዱ ሲጠና ቤተሰቡ ሁሉ እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። በቀደም ልጆቹ ጣቢያ ሲቀያይሩ ጎልፍ ላይ ቆሙ። አጎቴ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ትንሽ አዩና፣ «አንተ፣ ይቺን ኳስ እንዴት ነው የሚያዩዋት? እኛ ገና ስንጫወት ሩሯ እግራችን ሥር ሆና እንኳ ትጠፋብናለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የጎልፍ ኳስ ከ46 ግራም አትበልጥም፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ብትመዝን ነው። ጎበዝ ሲመታት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። ካሜራማኑ ከፍ ያለ ማማ ላይ ቆሞ የመቺውን ትከሻ እያየ አቅጣጫዋን ይገምታል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ነጭ በነጭ ሆና ታመልጠዋለች። ለዚህ ነው ዛሬ ራዳር የሚያግዘው። ትራክማን የሚባለው የዴንማርክ ድርጅት መሣሪያ ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ የኳሷን ጉዞ ይለካል፤ በስክሪኑ ላይ ከኋላዋ የሚሳበው ባለ ቀለም መስመር የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። በገና ሩሯ አንዲት ናት፤ ሁሉም እሷን ይከተላል። በጎልፍ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይዞ በ18 ጉድጓዶች መካከል ተበትኖ ይጫወታል።

ከረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ አንሥቼ መሬቱ ላይ አራርቄ ደረደርኩ። «እነዚህ ካሜራዎች ናቸው። ጀበናው ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመው መኪና ነው እንበል።» መኪናው ውስጥ ዳይሬክተሩ በስክሪን በተሞላ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ የካሜራ ቁጥር እየጠራ ይመርጣል። እዚህኛውን ሲኒ ሲያሳይ ወዲያኛው ጋ ሌላ ሰው ቢመታ ምቱ ይቀዳና ትንሽ ቆይቶ ይገባል። «ታዲያ ቀጥታ የሚሉት ውሸት ነዋ!» አሉ አጎቴ። እኔ ውሸት አልለውም፤ ባይቀዳ ኖሮ ከጨዋታው አብዛኛውን ባላየን ነበር።

«ማን እየመራ ነው?» የሚለውም ጥያቄ መላ ፈልጓል። አንዱ አምስተኛው፣ ሌላው ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ እያሉ ጠቅላላ ምታቸውን መደመር ምንም አይናገርም። የአሜሪካው ሲቢኤስ ፕሮዲዩሰር ፍራንክ ቺርኪኒያን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ከተመደበው ምት፣ ማለትም ከፓር፣ በስንት እንዳነሱ ወይም እንደበለጡ ብቻ ማሳየት ጀመረ። ለእኔ ከራዳሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቀላል ሐሳብ ነው።

ጅምሩ ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ አጠገብ የተደረገ ውድድር በመላው አሜሪካ ሲተላለፍ ካሜራው የተተከለው የመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ሉ ዎርሻም መቶ ሜትር ገደማ ርቆ መታ፤ ኳሷም ተንከባላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ በአንድ ምት በልጦ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1956 ማስተርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታይም የታዩት የመጨረሻዎቹ አራት ጉድጓዶች ናቸው።

ሯጭን መከተል ይሻላል፣ መንገዱ አንድ ነውና። የደብረ ብርሃን አካባቢው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ የጃፓን ቴሌቪዥን በመኪናና በሄሊኮፕተር ተከትሎ አሳይቶታል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ነው። አሥራ ሁለት ቀን! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

አጎቴ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ወደ ረከቦቱ መለሱና አንዷን ብቻ አስቀሩ። «ለገናማ አንድ ካሜራ ይበቃል» አሉ፤ ከዚያ ግን ትንሽ አሰቡና ሌላ ጨመሩ፣ «ሁለቱ ወገን ተደራርቦ ሩሯን ሲሸፍናት ከወዲያ በኩል የሚያይ ያስፈልጋል።»