ስለ ብስክሌት መጫኛ፤ ከፖርቶ መጋላ እስከ መኪና ጀርባ

ዕቃን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማድረስ ለተመልካች ቀላል የጉልበት ሥራ መስሎ ቢታይም፣ ጭነቱን አመዛዝኖ የሚያነሣ፣ የሚሸከመውን ነገር ጠባይ አውቆ የሚያስቀምጥና እንዳይናወጥ አድርጎ የሚያስር ባለሙያ ከሌለበት፣ ጉልበት ብቻውን ንብረትን ከማጥፋትና መንገደኛን ከመጉዳት በቀር ፍሬ እንደሌለው፣ መርካቶ ውሎ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ብስክሌትን ከመኪና በስተኋላ፣ በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ላይ አንጠልጥሎ የሚያጓጉዘውን መጫኛ ከአንባቢ ጋር ስናስተዋውቅ፣ ነገሩን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ እንግዳ ዕቃ ለብቻው ከማየት ይልቅ፣ መርካቶ በሚገኝበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ብዙ ዘመን ከኖረው የጭነት ጥበብ ጋር አገናኝተን ልንመረምረው ይገባል።

መርካቶ፣ ጣሊያኖች አገራችንን ወርረው በነበሩበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደርጎ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ሸቀጥ የሚሸጥበትን ያህል የሚጫንበትም ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ በየተራው ተከፋፍሎ የተደረደረው ዕቃ፣ ከመደብሩ ወጥቶ ከገዢው ቤት እስኪደርስ ድረስ በሰው ትከሻ፣ በጋሪ፣ በአህያ፣ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ጣራና በአይሱዙ ላይ ያልፋል፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደውም ወደ አውቶቡስ ተራ ተወስዶ በጣራው ላይ ከተዘረጋው ፖርቶ መጋላ ይወጣል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ የግራውና የቀኙ ጭነት ካልተካከለ የአጋሰሱ ጀርባ እንደሚላጥ አውቆ ሲያመዛዝን እንደኖረ ሁሉ፣ የዛሬው የአውቶቡስ ረዳትም ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ፣ ተሰባሪውን ከመካከል ማድረግን የተማረው ከቀደመው ባልንጀራው እጅ ነው።

ብስክሌት ግን ከዚህ ሁሉ ሸቀጥ የተለየ ጠባይ ያለው ጭነት ነው። ጆንያ በገዛ ክብደቱ ይረጋል፤ ፍራሽም ቢጫኑት ይተኛል፤ ብስክሌት ግን የሚሽከረከር ጎማ፣ የሚዞር መሪ፣ ወደ ጎን የሚወጣ ፔዳልና ግራሶ የጠገበ ካቴና ስላለው፣ ከወገቡ ታስሮ እንኳ ዳርና ዳሩ አይረጋም፤ የነካውንም ይቧጥጣል፣ ያቆሽሻል። በሜዳማነታቸው ብስክሌት ወደሚዘወተርባቸው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዋሳ የሚላከውን ብስክሌት፣ ጠንቃቃ ረዳት ከሌላው ዕቃ ሁሉ በኋላ ያወጣዋል፤ መሪውን ያጥፍለታል፣ ከሥሩ ፍራሽ ወይም ጆንያ ያነጥፍለታል፣ ገመዱንም በቀጫጭኑ የጎማ ሽቦ ሳይሆን በዋናው አካል ላይ ያሳልፈዋል። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ጭነቱ ወደ ፊት፣ ከሸለቆው ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተወጠረ ገመድ ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ይላላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ብስክሌት ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ላይም እንዳይሄድ ሆኖ ካልታሰረ ታሰረ አይባልም።

አዲስ አበባም ራሷ ለብስክሌት ነጂ የምትቀልል ከተማ አይደለችም። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ የእንጦጦ ራስ ወደ 3200 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከአዲስ ከተማ ተነሥቶ በብስክሌት እንጦጦ ለመውጣት የሚያስብ ሰው፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ይህን የመሰለ ምድር ጠንካራ ብስክሌተኞችን አፍርቷል፤ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ እንደ ነበርና ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ እንደ ፈጸመ ማስታወስ ይገባል። ነገር ግን ሁሉ ሰው ለውድድር የተዘጋጀ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ በባሕር ዛፉ መካከል የብስክሌት መንገድ ከተዘጋጀ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ከተሠራ በኋላ፣ ልጆቹን ይዞ ብስክሌት ወደሚነዳበት ስፍራ በመኪና መሄድ የሚሻ የቤተሰብ አባት በረከተ። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ ብስክሌቱን በምን ልጫነው?

ጣራው የለመድነው መልስ ነው፤ ረብሑም ግልጽ ነው። በጣራ ላይ የተጫነ ብስክሌት ሰሌዳንና መብራትን አይሸፍንም፣ የኋላውን ክዳን ከመክፈት አያግድም፣ ከኋላ የሚመጣ መኪናም አይነካውም። ሕፀፁ ደግሞ ከፍታው ነው። ቁመቷ 1.50 ሜትር ገደማ በሆነችው ትንሽ የቤት መኪና፣ በቪትዝ ጣራ ላይ አንድ ሜትር ያህል የሚቆም ብስክሌት ሲወጣ፣ ጠቅላላው ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ይህም በመርካቶ መተላለፊያዎች ከተዘረጉት የሱቅ ሸራዎች፣ ከዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ከግቢ መግቢያ ጣራዎች ጋር ሊያጋጨው ይችላል። ከዚህም በላይ ብስክሌቱን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መስቀል ለአቅመ ደካማ አይመችም፤ ክብደቱም ከላይ ስለሚሆን መኪናው በኩርባ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል።

የኋላው መጫኛ ይህን ችግር ለማቅለል የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በስዊድን የተቋቋመውን ቱሌን የመሰሉ የውጭ አገር ድርጅቶች በልዩ ልዩ መልክ ቢያወጡትም፣ መሠረተ ነገሩ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ከቀላል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ አካል አለው፤ ከዚህም አካል ሁለት ክንዶች ወደ ኋላ ወጥተው ብስክሌቶቹ ይንጠለጠሉባቸዋል፤ በክንዶቹም ላይ የብስክሌቱን የላይኛ ዘንግ የሚያቅፉ የጎማ ትራሶች ተደርድረዋል። አካሉ መኪናውን በሚነካበት ስፍራ ሁሉ ቀለሙን እንዳይልጥ በስፖንጅ ወይም በጎማ የተሸፈኑ እግሮች አሉት፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ደግሞ ጫፋቸው መንጠቆ ያለው አራት ወይም ስድስት የጨርቅ ማሰሪያዎች ወጥተው በክዳኑ ጠርዝ ላይ ይያዛሉ። አንዳንዱ ሁለት ብስክሌት፣ አንዳንዱም ሦስት ይሸከማል።

ይህ ነገር በመኪና ላይ ያለ ቡሎንና ያለ ብየዳ የሚቆምበት ምሥጢር በኃይላት መመዛዘን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ጥቂት ሐተታ ያሻዋል። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ወጥቶ የተንጠለጠለ ስለሆነ መጫኛውን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይሞክራል፤ የላይኞቹ ማሰሪያዎች ወደ መኪናው ይስቡታል፣ የታችኞቹ እግሮች ደግሞ ክዳኑን ወይም ፓራውልቱን ተመርኩዘው ይገፋሉ። እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ብስክሌቶች ከመኪናው ጀርባ በአማካይ 40 ሳንቲሜትር ርቀው ተንጠልጥለው፣ በላይኛው ማሰሪያና በታችኛው እግር መካከል 60 ሳንቲሜትር ቁመት አለ ብንል፣ 30 በ40 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል፣ የላይኞቹ ማሰሪያዎች ወደ ፊት የሚስቡት ኃይል የ20 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ርቀቱ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን ብስክሌቱ አንዲት ግራም ሳይጨምር ኃይሉ ወደ 30 ኪሎ ያድጋል። እንግዲህ ከባዱ ብስክሌት ሁልጊዜ ወደ መኪናው ቀርቦ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ መሰቀል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው ኮሮኮንች ላይ ሲዘል ደግሞ ይህ ኃይል ለቅጽበት እጥፍና ከእጥፍ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ቆሞ ሳለ የጠነከረ የሚመስል ማሰሪያ በጉዞ ላይ ሊከዳ ይችላል። የታችኛው ማሰሪያ እግሩ እንዳይነሣ ይጠብቃል፤ የጎኑ ማሰሪያ ደግሞ መወዛወዝን ያስቀራል፤ ስለዚህ አንዱ ትርፍ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

መጫኛውን በመኪና ላይ ማሰር በቅደም ተከተል ሊፈጸም ይገባዋል። በመጀመሪያ እግሮቹ የሚያርፉበት ስፍራ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በእግሩና በቀለሙ መካከል የቀረ የመርካቶ አቧራ በጉዞው መናወጥ ቀለሙን ይፍቀዋልና። ቀጥሎም መንጠቆዎቹ በክዳኑ የላሜራ ጠርዝ ላይ ይያዙ፤ መስተዋትን፣ ፕላስቲክን ወይም በክዳኑ ራስ ላይ ለጌጥ የተለጠፈውን ክንፍ ፈጽሞ አይንኩ፤ ክንፉ ጭነት ለመሸከም አልተሠራምና። ከዚያም የላይኞቹ ማሰሪያዎች ግራና ቀኝ እኩል ይወጠሩ፤ የታችኞቹ ይከተሉ፤ የጎኖቹ ይፈጽሙ። በመጨረሻም መጫኛውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎንና ወደ ላይ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ መኪናው ራሱ አብሮ እስኪወዛወዝ ድረስ ካልጠነከረ ሥራው ምሉዕ አይደለም። የተረፈው የማሰሪያ ጫፍም ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ነፋስ የሚያራግበው ማሰሪያ ቀለም ይገርፋል፣ ጎማም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብስክሌቶቹ ከተሰቀሉና ጥቂት ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ጨርቁ ስለሚረግብ፣ ቆሞ እንደ ገና ማጥበቅ የአስተዋይ ሰው ግብር ነው።

ብስክሌቶቹ ሲሰቀሉ የአንዱ መሪ ወደ ግራ፣ የሁለተኛው ወደ ቀኝ ይሁን፤ ያለዚያ መሪ ከመሪ፣ ፔዳል ከሽቦ ይያያዛሉ። የፊተኛው ጎማ እንዳይሽከረከርና እንዳይዞር ከአካሉ ጋር ይታሰር፤ የትኛውም ጎማ ግን በጭስ ማውጫው ፊት አይዋል፤ ትኩሱ ጭስ ጎማን ያቀልጣልና። የላይኛ ዘንግ የሌለው የሴቶች ወይም የልጆች ብስክሌት ከኮርቻው ሥር እስከ መሪው በሚዘረጋ ተጨማሪ ዘንግ ካልታገዘ በትራሶቹ ላይ ተስተካክሎ አይቀመጥም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ስለሚበልጥ፣ ሠሪው በመጫኛው ላይ የጻፈውን የክብደት ልክ ሳያነቡ መስቀል ንብረትንም ሰውንም ለአደጋ መስጠት ነው።

በመርካቶ ግን ከክብደቱ ይልቅ ስፋቱ ሊታሰብበት ይገባል። የአዋቂ ሰው ብስክሌት ከጎማ እስከ ጎማ 1.75 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የተራራው ዓይነት ከ1.80 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የቪትዝ ስፋት ግን ከ1.70 ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ነጂው የመኪናውን አፍንጫ ብቻ እያየ ሲያልፍ፣ ከበስተኋላው ግራና ቀኝ የወጣው ጎማ ሸክም ተሸክሞ የሚሄደውን ወዛደር ጉልበት ወይም በመንገድ ዳር የተዘረጋውን ሸቀጥ ሊመታ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት የፊተኛውን ጎማ ፈትቶ በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም መንገዱ ከሚጨናነቅበት ሰዓት ቀድሞ መውጣት ነው።

ሌላው ሕፀፅ የሰሌዳና የመብራት መሸፈን ነው። የኋላ ሰሌዳ ለሕግ አስከባሪ፣ የፍሬንና የማዞሪያ መብራት ደግሞ ከኋላ ለሚመጣው ነጂ የተሰጡ ምልክቶች ናቸው፤ ብስክሌቱ እነዚህን ከሸፈነ፣ የጭነቱ ባለቤት ራሱን ቢያስመችም የሌላውን ሰው ዓይን ጋርዷል። ስለዚህ ክንዶቹን ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ይህ ካልበቃም የብስክሌቶቹን ቁጥር መቀነስ ይገባል። በጉዞው ላይ ክዳኑ እንደማይከፈትም አስቀድሞ ታውቆ፣ ውኃና ስንቅ ከመቀመጫው በኩል ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ስንመረምር፣ መጫኛው አዲስ ቢሆንም የሚጠይቀው ዕውቀት ለመርካቶ እንግዳ አለመሆኑን እናገኛለን። ከባዱን ማቅረብ፣ ግራና ቀኙን ማመዛዘን፣ በአራቱም አቅጣጫ መወጠር፣ ጥቂት ሄዶ ማጥበቅ፣ እነዚህ ሁሉ በአውቶቡስ ተራ በየማለዳው የሚፈጸሙ ሥርዓቶች ናቸው። በምናለሽ ተራ የሰው ቤት ጥሎት የወጣውን ብረት መልሰው ዕቃ የሚያደርጉት፣ ቱቦላሬና ፌሮ እየበየዱ ያዘዛቸውን ሁሉ የሚሠሩት ባለእጆችም፣ ይህን መጫኛ በገዛ ብልሃታቸው ለማውጣት የሚጎድላቸው የእጅ ጥበብ አይደለም። የሚጎድለው ልክ ነው፤ ይኸውም ክንዱ ምን ያህል ይርዘም፣ ስንት ኪሎ ይሸከም፣ ብየዳው በምን ይፈተን፣ ሰሌዳው እንዳይሸፈን ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው በጽሑፍ ተወስኖ አለመሰጠቱ ነው።

እንግዲህ ለብስክሌት መስመር ጎዳና የከፈለችው ከተማ፣ ብስክሌቱ ወደዚያ ጎዳና ለሚደርስበት መንገድም ልታስብ ይገባታል። የተግባረ እድ መምህራንና የመንገድ ደኅንነት ኃላፊዎች ከባለእጆቹና ከጫኞቹ ጋር በአንድነት ተቀምጠው፣ የአንዱን ስሌት ከሌላው ልምድ ጋር አስማምተው ልኩን ቢወስኑ፣ የሚሸከመውም ክብደት በእያንዳንዱ መጫኛ ላይ በጉልህ ቢቀረጽ፣ ያን ጊዜ መጫኛው ከባሕር ማዶ ቢመጣም ከምናለሽ ተራ ቢወጣም፣ ልዩነቱ የዋጋ እንጂ የደኅንነት አይሆንም።