«ቬሪፋይ ኦኬ» ፋይሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም

የሞተ ሪሲቨር ቦርድ ላይ ያለችውን ባለ 8 እግር ሜሞሪ ቺፕ በፕሮግራመር አጥፍቶ መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ የሚጻፈውን ፋይል ማዘጋጀት ነው። ቢን ፋይል ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። ለየትኛው ቦርድ እንደተሠራም ሆነ ከየትኛው አድራሻ እንደሚጀምር ውስጡ አልተጻፈም። ኢንቴል ሄክስ በየመስመሩ አድራሻና ቼክሰም ይይዛል፤ ቢን ግን ጥሬ ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ዳምፕ፣ ማለትም ከቺፕ የተነበበ ሙሉ ቅጂ፣ የሚለቅ ሰው የቦርዱን ቁጥር፣ የቺፑን ዓይነት፣ መጠኑን፣ መነሻ አድራሻውንና የኤስኤችኤ-256 ውጤቱን አብሮ ዚፕ ካላደረገ ሥራውን አልጨረሰም እላለሁ።

መጠኑን እንይ። 25ኪው32 የሚባለው ቺፕ 32 ሜጋቢት ነው፤ ሙሉ ዳምፑም ልክ 4,194,304 ባይት መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ብዙ ጊዜ ወይ ሲወርድ ተቆርጧል፣ ወይም በዩኤስቢ የሚጫን አፕዴት ነው። አፕዴት ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ የራሱ መግለጫ አለው፤ ቡትሎደር ላይኖረውም ይችላል። እሱን ከዜሮ አድራሻ ጀምሮ ከጻፍነው ፕሮሰሰሩ የማስነሻውን ኮድ በሚፈልግበት ቦታ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ቦርዱም አይነሳም።

«ፕሮግራመሩ ቬሪፋይ ያደርግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያደርጋል፤ ግን የሚያመሳክረው ቺፑን ከፋይሉ ጋር ብቻ ነው። የተሳሳተ ፋይል በትክክል ከተጻፈም ኦኬ ይላል። «አጭበርባሪስ ኤስኤችኤ መለጠፍ ያቅተዋል?» ለሚልም መልሱ አያቅተውም ነው። ቁጥሩ ፋይሉ በመንገድ እንዳልተበላሸ እንጂ የሰጪውን ታማኝነት አይመሰክርም። ቢሆንም ፋይል ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር መበላሸቱን ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ይህን ሁሉ?» የሚለው ተቃውሞ ይገባኛል። ነገር ግን ቺፑ ውስጥ የዚያ ሪሲቨር ብቻ የሆኑ ሲሪያል ቁጥርና ቁልፎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዴ ከጠፉ የሌላ ሰው ዳምፕ አይመልሳቸውም። ከማጥፋት በፊት ነባሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ ማመሳከር የሚወስደው ደቂቃዎችን ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አንርሳ። እንዲህ ባለ ጊዜ እዚያው ወለጋ፣ ኪራሙ ያለ ጠጋኝ «ይህ ለየትኛው ቦርድ ነው?» ብሎ ፋይሉ የተለቀቀበት ቻናል ላይ መጠየቅ አይችልም። መልሱ ዚፑ ውስጥ ካለ ሥራው ይቀጥላል፤ ከሌለ አለመጻፍ ይሻላል።