የአልፋ ሮኬት ቅጂ በደጋ አየር፦ በመንዝ ከፍታ ሊለወጡ የሚገባቸው ልኮች

አልፋ የተባለው ትንሽ የሞዴል ሮኬት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢስቴስ በተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የጀማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። ርዝመቱ 31 ሴንቲሜትር፣ የአካሉ ውፍረት 24.8 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ያለ ሞተር 23 ግራም ገደማ ነው። የወረቀት ቱቦ፣ ባልሳ ከሚባለው እጅግ ቀላል እንጨት የተጠረበ አፍንጫ፣ ከዚያው እንጨት የተቆረጡ ሦስት ክንፎችና 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ፓራሹት አለው፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ልኩ የታወቀ በመሆኑ ቅጂውን በቤት ውስጥ ለመሥራት ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ነጭ የእንጨት ኮላና ትዕግሥት ይበቃሉ። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚቀዳው ቅርጹ ብቻ ነው። የክብደቱ አደላደል ሠሪው ባገኘው እንጨት ይወሰናል፤ በረራው ደግሞ ሮኬቱ በሚወነጨፍበት ቦታ አየር ይወሰናል። በሰሜን ሸዋ፣ በዘመሮ ዙሪያ በተዘረጋው የመንዝ ደጋ ላይ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከመነሻው ንድፍ እጅግ ስለሚርቁ፣ የመጀመሪያውን ልክ ሳያጓድል የተሠራ ቅጂ በትክክል ላይበር ይችላል።

ስለ ቅጂው ከመናገር በፊት ስለ ሞተሩ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የሞዴል ሮኬት ታሪክ የሚጀምረው ባሩድ በቤት ውስጥ መቀመም ባቆመበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኔብራስካ ግዛት የኖርፎክ ከተማ ነዋሪ የነበረው ኦርቪል ካርላይል አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል የባሩድ ሞተር የሚበር፣ በፓራሹትም የሚመለስ ሮኬት ሠራ። በኋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን በ1957 ሐሳቡን በጽሑፍ አስተዋወቀው፤ ቨርን ኢስቴስ ደግሞ በ1958 ሞተሩን በየ5.5 ሰከንዱ አንድ የሚያመርት መኪና ሠራለት። የስታይን ዓላማ ግልጽ ነበር፤ በጓዳ ባሩድና ኬሚካል እየቀላቀሉ ጣታቸውንና ዓይናቸውን ያጡ የነበሩትን ወጣቶች ከዚያ ሥራ ማውጣት። ስለዚህ «የቤት ሥራ» የሚለው ቃል አካሉን፣ ክንፉንና ፓራሹቱን እንጂ ሞተሩን ፈጽሞ አይመለከትም። ሞተሩ ፈንጂ ነክ ዕቃ ነው፤ ወደ አገር የሚገባውም፣ የሚከማቸውም፣ የሚተኮሰውም በፈቃድ ነው። ፈቃድ ያላገኘ ክበብ ከዚህ በታች ከተነገረው አብዛኛውን ያለ ባሩድ ሊሞክር ይችላል፤ የሚዛን ሥራው እሳት አይፈልግም።

ጦር፣ ዘንግና ክንፍ

ሮኬት በአማራ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ በተደረገው ውጊያ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ክፍል በዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ላይ ሮኬት ተኩሷል። ያ ሮኬት የዊልያም ሄል ሥሪት ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው የኮንግሪቭ ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ረጅም ዘንግ ከኋላው ይጎትት ነበር፤ ሄል ዘንጉን አስቀርቶ የሚወጣው ጋዝ ሮኬቱን እንዲያሾረው አደረገ። የሞዴል ሮኬት ሦስተኛውን መንገድ ይከተላል፤ በክንፍ ይረጋጋል።

የክንፉ አሠራር ለመንዝ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጦር ብረቱን አስቀድሞ የሚሄደው ክብደቱ ወደ ፊት ስላደላ ነው። በሮኬትም ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው ሮኬቱ በጣት ላይ ሲደገፍ ሚዛን የሚጠብቅበት የክብደት ማዕከል ነው፤ ሁለተኛው የአየሩ የጎን ግፊት ተጠቃሎ ያረፈበት ያህል የሚቆጠረው የግፊት ማዕከል ነው። የክብደት ማዕከሉ ከግፊት ማዕከሉ ፊት፣ ቢያንስ የአካሉን ውፍረት ያህል ርቆ ከተገኘ ነፋስ ያዘነበለው ሮኬት ራሱን ያቃናል። ይህ ርቀት ካሊበር በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ ለአልፋ አንድ ካሊበር ማለት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የግፊት ማዕከሉን ከቅርጹ ልክ ብቻ ማስላት የሚያስችለውን ቀመር ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች አቅርቦታል፤ ዛሬም ኦፕንሮኬት በመሳሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ውስጥ ይሠራበታል።

ቀመሩ የአየር እፍጋትን አይጠይቅም። ይህ ለደጋ ሰው መልካም ዜና ነው፤ ቅርጹ በትክክል ከተቀዳ የግፊት ማዕከሉ በኮሎራዶም በመንዝም አንድ ቦታ ነው። ችግሩ ከሌላው ነጥብ ይመጣል። ባልሳ በኩብ ሴንቲሜትር 0.16 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ደርቆ የተላገ ጥድ ግን 0.55 ግራም ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ክንፍ ስፋት 20 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2.4 ሚሊሜትር ቢወሰድ ሦስቱ የባልሳ ክንፎች 2.3 ግራም፣ ሦስቱ የጥድ ክንፎች 7.9 ግራም ይሆናሉ። በጅራት ላይ የተጨመረው 5.6 ግራም የክብደት ማዕከሉን 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ይኸውም 0.4 ካሊበር ነው። የመጠባበቂያው ግማሽ ሊጠጋ ያለው በእንጨት ምርጫ ብቻ ጠፋ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ከጥድም ስለሚከብድ ነገሩን ያብሰዋል።

መፍትሔው ከሁለት አንድ ነው። አንደኛው 3 ግራም ያህል እርጥብ ሸክላ በአፍንጫው ውስጥ መጠቅጠቅና ማድረቅ ነው፤ ይህ ሚዛኑን ይመልሳል፣ ጠቅላላ ክብደቱን ግን በ8 ወይም በ9 ግራም ያሳድጋል። የተሻለው መንገድ ክንፉን ተደራርቦ በኮላ ከተጣበቀ ስስ ካርቶን 1 ሚሊሜትር አድርጎ መሥራት ነው። ለአፍንጫው ደግሞ የቃጫ ተክል ሲያብብ የሚያወጣው ረጅም አገዳ ደርቆ ሲገኝ ለመጥረብ ምቹና እጅግ ቀላል ነው። ቱቦው በ24 ሚሊሜትር ድቡልቡል እንጨት ላይ በተጠቀለለ ቡናማ የማሸጊያ ወረቀት ይሠራል፤ እንጨቱ አስቀድሞ ሰም ካልተቀባ ቱቦው አይወጣም።

ሥራው ሲያልቅ ሮኬቱ ሞተሩን ወይም በክብደት የሚተካከለውን እንጨት እንደ ያዘ በክብደት ማዕከሉ ላይ በገመድ ይታሰርና እረኛ ወንጭፍ እንደሚያዞር በራስ ላይ ይዞራል። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ለመብረር ደርሷል፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከዞረ ሸክላ ይጨመርለታል። ይህ ሙከራ ቀመሩን አይተካም፤ የቀመሩን ስሕተት ግን ያጋልጣል።

ስስ አየር የሚለውጠው

በዓለም አቀፉ የአየር ሠንጠረዥ መሠረት በባሕር ወለል የአየር እፍጋት በኩብ ሜትር 1.225 ኪሎግራም ሲሆን በ3000 ሜትር ከፍታ 0.91 ነው። ሠንጠረዡ ግን በዚያ ከፍታ ሙቀቱን ከዜሮ በታች 4.5 ዲግሪ አድርጎ ይቈጥራል። የመንዝ ቀን ቀዝቃዛ ቢሆንም እንዲህ አይቀዘቅዝም። ሙቀቱ 12 ዲግሪ ቢሆን በዚያው ግፊት እፍጋቱ ወደ 0.86 ይወርዳል፤ ከባሕር ወለሉ 30 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች 3200 ሜትር ገደማ ላይ እንዲተከሉ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአየር መሳሳት ነው፤ ለኮከብ ተመልካች ጥቅም የሆነው ነገር ለሮኬት ሠሪ ተጨማሪ ስሌት ነው።

የሞተሩ ጉልበት በተግባር አይለወጥም፤ ባሩድ የሚነድበትን ኦክሲጅን በውስጡ ይዞ ይሄዳልና። የሚለወጠው የአየሩ ተቃውሞ ነው። ቢ6 የተባለው ሞተር የተገጠመለት፣ ሲነሣ 43 ግራም የሚመዝን፣ የአየር ተቃውሞ ቁጥሩ 0.6 የሆነ የአልፋ ቅጂ ቢሰላ በባሕር ወለል 204 ሜትር፣ በመንዝ አየር 242 ሜትር ይወጣል። አብዛኛው ጀማሪ በዚህ ይደሰታል፤ አደጋው ግን በጊዜው ላይ ነው። ሞተሩ ነድዶ ካበቃ በኋላ ሮኬቱ በባሕር ወለል 5.1 ሰከንድ፣ በመንዝ 5.7 ሰከንድ ሽቅብ ይንሸራተታል። በሞተሩ ስም መጨረሻ የሚጻፈው ቁጥር ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚተኩስ ያመለክታል። ቢ6-4 በባሕር ወለል ሲተኩስ የሮኬቱ ፍጥነት በሰከንድ 11 ሜትር ደርሷል፤ በመንዝ ግን ገና 17.6 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ቢሆንም በሚዘረጋው ፓራሹት ላይ የሚያርፈው ግፊት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ክሩ የሚበጠሰው ወይም ቱቦው በክር የሚሰነጠቀው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለደጋው ቢ6-6 ይመረጣል፤ እርሱ ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ሩብ ሰከንድ ብቻ አሳልፎ ይተኩሳል።

በመውረድም ጊዜ የአየሩ መሳሳት ይታያል። 35 ግራም የሚመዝነውን ባዶ ሮኬት የ30 ሴንቲሜትሩ ፓራሹት በባሕር ወለል በሰከንድ 3.3 ሜትር ያወርደዋል፤ በመንዝ 3.9 ሜትር ይሆናል። የቀድሞውን ፍጥነት ለመመለስ ስፋቱ 36 ሴንቲሜትር መሆን አለበት።

ሦስተኛው ለውጥ የማስወንጨፊያው ዘንግ ነው። ሮኬቱ ከዘንጉ ሲለቀቅ ክንፎቹ የሚያቀኑበት ኃይል በእፍጋቱና በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። የፍጥነቱ ካሬ ደግሞ ከዘንጉ ርዝመት ጋር አብሮ ያድጋል። እንግዲያውስ በ30 በመቶ የቀነሰውን እፍጋት ለማካካስ የተለመደው የ90 ሴንቲሜትር ዘንግ ወደ 1.3 ሜትር ሊረዝም ይገባል። ከጎን የሚመጣው ነፋስም በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ይህ ልክ ጥንቃቄ የበዛበት ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚጨመረው አርባ ሴንቲሜትር ሽቦ ዋጋው ከአንድ ከተሰበረ ሮኬት ያነሰ ነው። ረጅም ዘንግ እንዳይወዛወዝ ግን ውፍረቱም መጨመር አለበት።

ሱፍ፣ ሣርና ገደል

ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ ትኩስ በመሆኑ በሞተሩና በፕላስቲኩ መካከል እሳት የማይቀበል መጠቅጠቂያ ይገባል። ፋብሪካዎች ለዚህ በመድኃኒት የተነከረ ስስ ወረቀት ይሸጣሉ። መንዝ ግን የበግ አገር ነው። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ነበልባሉ ሲርቅም ራሱ ይጠፋል። ታጥቦ ቅባቱ የለቀቀ፣ የተበጠረና ላላ ብሎ የተጠቀጠቀ የመንዝ በግ ሱፍ የዚያን ወረቀት ቦታ ሊይዝ የሚችልበት ምክንያት ሁሉ አለ፤ በመጀመሪያ መሬት ላይ በታሰረ ሮኬት ሊሞከር ይገባል። በርኖስና ባና ከሚሠራበት ሱፍ ጥቂት ቆንጥሮ ለሮኬት ማዋል ሊያስቅ ይችላል፤ በማስተማሪያነቱ ግን ከውጭ ከመጣ ወረቀት ይበልጣል።

የመወንጨፊያው ቦታ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ባዶና ሰፊ ቢመስልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው ሣር በበጋ ደረቅ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ተመራጩ ሰብሉ የተነሣለት የታረሰ ማሳ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በማስወንጨፊያው ዙሪያ ገለባው ተጠርጎ ነው። ማቀጣጠያው ኤሌክትሪክ ሆኖ ሰው ሁሉ ቢያንስ 5 ሜትር ይርቃል።

የአሜሪካ የሮኬት ማኅበር ደንብ ለቢ ሞተር 60 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ይበቃል ይላል። በመንዝ ይህ ልክ ያሳስታል። ከ242 ሜትር በሰከንድ 3.3 ሜትር የሚወርድ ሮኬት አየር ላይ 74 ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሆን 370 ሜትር ያህል ይነዳዋል። ደጋው ደግሞ በገደል የተከበበ ነው፤ ሜዳው በሚያልቅበት ቦታ የሚወድቅ ሮኬት ፍለጋውን ራሱን አደገኛ ያደርገዋል። የፓራሹቱ መስፋት ሮኬቱን ከስብራት ያድነዋል፣ ለነፋስ ግን አሳልፎ ይሰጠዋል። ለመጀመሪያው በረራ የሚሻለው ሞተሩን ማሳነስ ነው። ኤ8-5 ያንኑ ቅጂ 120 ሜትር ገደማ ያደርሰዋል፤ በዚያው ነፋስ የሚርቀው ከ190 ሜትር አይበልጥም። ጊዜውም ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋሱ ገና አልተነሣም። ሙቀቱ 2 ዲግሪ በሆነበት የኅዳር ማለዳ እፍጋቱ ወደ 0.89 ስለሚመለስ ሮኬቱም ከቀትር ይልቅ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ጥቂት ቀስ ብሎም ይወርዳል።