የአሞሌው መንገድ፦ ከዳሎል እስከ ጣና ዳር

ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ ይቀዝፍ የነበረው ሳምንታዊ ጀልባ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ ነበረች። እህሉም ዓሣውም ከደጃፏ ነው፤ ጨው ግን የላትም። ምክንያቱ ደግሞ ከፊቷ የተንጣለለው ሐይቅ ነው። ወንዞች ከተራራው አጥበው የሚያመጡትን ማዕድን ጣና አያጠራቅመውም፤ ዓባይ ተቀብሎት ይወርዳል። መውጫ ያለው ሐይቅ ጣፋጭ ውኃ ይይዛል፤ መውጫ የሌለው ግን ውኃው እየተነነ ጨዉ ይቀርለታል።

ስለዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት የጣና ዳር ሰው ወጡን ያጣፈጠው መውጫ ከሌለው ምድር በመጣ ጨው ነበር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ፣ የአፋሩ ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ዝቅተኛ ምድር ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን በተደጋጋሚ አጥለቅልቆት ነበር፤ በጠርዙ ላይ ደርቆ የቀረው የዛጎልና የኮራል ድንጋይ ለዚህ ምስክር ነው። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ። የባሕር ውኃ ሲተን ማዕድናቱ በተራ ይረግፋሉ፦ መጀመሪያ ኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ የምግብ ጨው፣ በመጨረሻም የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች። በዚህ ሁኔታ የተከማቸው ጨው ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የመጨረሻው ተረፈ ምርት፣ ማለትም ፖታሽ፣ የውጭ ኩባንያዎችን ስቧል። ከቀይ ባሕር ወደብ ከመርሳ ፋጢማ ተነሥቶ እስከ ዳሎል አቅራቢያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቀቀ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሌሎች ሀገሮች ፖታሹን በብዛት ለገበያ አቀረቡ፤ የዳሎሉም ሥራ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ፍለጋውን ሲያካሂድ በስፍራው የተመዘገበው የሙቀት መጠን በዓመት አማካይ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። ሰው ከኖረባቸው ስፍራዎች ከዚህ የሚበልጥ አማካይ ሙቀት አልተመዘገበም። ዛሬ የቀረው ሰው አልባ የሆነው የማዕድን ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር በጨው ጡብ የተሠራ።

ሐዲድ የዘረጉት ሲሄዱ ባለ መጥረቢያዎቹ ግን አልሄዱም። በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ሠራተኞች ጨዉን በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ አሞሌ ያወጣሉ። ግመሎች ተጭነው በሐመድ ኢላ በኩል ወደ በርሃሌ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ ደጋ ይወጣሉ። ግመል ለዚህ ተስማሚ የሆነው ውኃ በሻኛው ስለሚያጠራቅም አይደለም፤ ሻኛው ስብ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ቀን እስከ 41 ዲግሪ እንዲወጣ፣ ሌሊት እስከ 34 ዲግሪ እንዲወርድ ስለሚፈቅድ በላብ የሚያጠፋው ውኃ ጥቂት ነው። የአስፋልት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ግን የግመሉን ድርሻ ብዙውን የጭነት መኪና ወስዶታል።

ከደጋው በኋላ ጭነቱ ወደ በቅሎና አህያ ይዛወር ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ኬላ በኬላ ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ጎንደር፣ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ወዳለችው የይፋግ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎጃም ይዘልቃሉ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሀገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከጨዉ ምንጭ በተራቀ መጠን አሞሌው እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፏል። ይህም የሚያስገርም አይደለም። አንዳንዱ አሞሌ ይሰበራል፤ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ያህል ሲያልፍ ደግሞ ጨው ውኃ መሳብ ይጀምራል። አሞሌ መገበያያ ገንዘብም ስለነበረ፣ ክረምት ያገኘው ነጋዴ ሀብቱ እጁ ላይ ይሟሟበታል። ከዚያም በፊት፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ጸሐፊ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች በአገው ገዥ በኩል ሳሱ ወደተባለ የወርቅ ሀገር እንደሚጓዙ፣ በሬ፣ ብረትና ጨው አቅርበው ወርቅ እንደሚለውጡ ዘግቧል። ደርሶ መልሱ ጉዞ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም የከፈለበት ጨው አንድ ነገር አልያዘም ነበር፤ አዮዲን። ብዙ ሰው ከባሕር የመጣ ጨው አዮዲን ሊኖረው ይገባል ብሎ ያስባል። ነገር ግን የምግብ ጨው ሲረግፍ ክሎራይድ በሥርዓት የሚሰለፍበት የክሪስታል መዋቅር ከእርሱ ለሚገዝፈው አዮዳይድ አይመችም፤ አዮዲኑ ከቀሪው ውኃ ጋር ይቀራል። በደጋው ደግሞ ጣናን ጣፋጭ ያደረገው ያው ዝናብ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ ወስዶታል። ስለዚህ ሰብሉም አሞሌውም ባዶ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም ብቻ ቢሆንም፣ ይህ ሲጎድል የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረታችን በሽታው ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ያሳያል። የከፋው ጉዳት ግን በአንገት ላይ አይታይም፤ በፅንሱ አንጎል ዕድገት ላይ ነው።

ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሱ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም አዮዲን መኖሩና በቂ መሆኑ አንድ አይደሉም። የገበታ ጨዋችን በአብዛኛው የሚመጣው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ በኩሬ የሚመረተውን ጨው ከፖታሲየም አዮዴት ጋር ማደባለቅ ይቻላል። አሞሌን ግን ሳይፈጩት ማበልጸግ አይቻልም። ለከብት ተብሎ የተገዛው ቁራጭ ደግሞ ወደ ድስት ሲገባ የሚከለክለው የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። አሲድና አዮዳይድ የተቀላቀለባት አንዲት የስታርች መፍትሔ ጠብታ በበለጸገው ጨው ላይ ስታርፍ ወዲያው ሰማያዊ ትሆናለች። በአሞሌው ላይ ብታርፍ ግን ቀለሟን አትለውጥም።