የኮርቤቲ እንፋሎት ኃይል ፕሮጀክት

የኮርቤቲ ፕሮጀክት በስምጥ ሸለቆ፣ ሻሸመኔ አቅራቢያ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የታቀደ ሥራ ነው። የአይስላንዱ ሬይኪያቪክ ጂኦተርማል የተሳተፈበት ይህ ፕሮጀክት በ2007 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የሽያጭ ውል ቢፈራረምም፣ ድርድሩ እንደገና ተከፍቶ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሌላ ውል ተፈረመ። በመሐሉ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981 ወጥቷል።

አስቸጋሪው ነገር ከጉድጓድ ቁፋሮው ይልቅ ምንዛሪው ነው ማለት ይቻላል። ባለሀብቱ ብድሩን የሚመልሰው በዶላር ሲሆን፣ ኃይሉን የሚገዛው መንግሥታዊ ድርጅት ግን ከአገር ውስጥ ደንበኞቹ የሚሰበስበው ብር ነው። ብሔራዊው የማስተላለፊያ መስመር በመንግሥት እጅ ስለሆነ ሻጩ ሌላ ገዢ አያገኝም፤ ስለዚህ አበዳሪዎች የመንግሥት ዋስትና ይጠይቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የተዋዋሉበት ኃይል በብር ሲሰላ በእጅጉ ተወዷል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ወይ የመንግሥት በጀት ወይ የቤት ቆጣሪ ነው።